ተርኪው መስክ የወጣው መቼ ነው?

በአሜሪካ የታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) በዓል ሲቃረብ የገበሬ ገበያዎችና ሥጋ ቤቶች የሚለጥፉት ማስታወቂያ ይመሳሰላል። ለምለም ሣር፣ ከበስተጀርባው ቀይ ጎተራ፣ መሐሉ ላይ ጅራቱን ዘርግቶ የሚንጎራደድ አውራ ተርኪ። ከሥሩ «በመስክ ላይ ያደገ» ይላል። ዋጋው ሱፐርማርኬት ውስጥ በረዶ ሆኖ ከተደረደረው በእጅጉ ይበልጣል። ገዢው ግን አይቆጨውም፤ የሚከፍለው ለሣሩ፣ ለፀሐዩና ለነፋሱ ነው ብሎ ያምናል።

ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ታሪኩን ከመሐል መጀመሩ ነው ችግሩ። ያ የሚንጎራደድ አውራ ሣር ከመርገጡ በፊት ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት ሳምንት በተዘጋ ቤት፣ በማሞቂያ መብራት ሥር ኖሯል። ባይኖር ኖሮ ለሥዕል አይበቃም ነበር። ስለ መስክ ተርኪ የሚጽፉትም ሆኑ የሚሸጡት ስለዚህ ጊዜ እምብዛም አያወሩም፤ ሸማቹም አይጠይቅም። መጠየቅ ያለበት ግን ይኸው ነው። ተርኪው መስክ የወጣው መቼ ነው? የወጣበትን መሬትስ ከእርሱ በፊት ማን ረግጦት ነበር?

የዶሮ ጫጩት በ21 ቀን ሲፈለፈል ተርኪ 28 ቀን እንቁላል ውስጥ ይቆያል። እንዲያም ሆኖ ሲወጣ እህሉና ውኃው የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። በሆዱ ይዞት የመጣው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል። እሱ ሲያልቅ፣ መኖ የሞላበት ገበታ ፊቱ ተቀምጦ በረሃብ የሚሞት ጫጩት አለ። አርቢዎች ይህን ስለሚያውቁ በመጀመሪያው ቀን ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ምንቃራቸውን ውኃ ያስነካሉ። መጠጫው ውስጥ የልጆች መጫወቻ ብይ የሚጨምሩም አሉ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ያየ ጫጩት መንቆሩ አይቀርም፣ ሲነቁር ውኃ ያገኛል። ብዩ የመጠጫውን ጥልቀት ስለሚቀንስም ጫጩቱ ወድቆ አይሰጥምም። አንዳንዶች ደግሞ ጥቂት የዶሮ ጫጩቶችን ይቀላቅላሉ። የዶሮ ጫጩት ፈጣን ነው፤ ይጭራል፣ ይለቅማል፣ ተርኪውም እያየ ይከተለዋል። ይህ ብልሃት የራሱ ጣጣ አለው፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ ትንንሽ አርቢዎች ጫጩቱን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በፖስታ ነው። የአገሪቱ ፖስታ ቤት ከ1918 ጀምሮ (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ያመላልሳል። ይህ ጉዞ የሚቻለው በዚያው አስኳል ምክንያት ነው። ሁለት ቀን መንገድ ላይ የቆየ ጫጩት ግን ስንቁን ጨርሶ ነው የሚደርሰው፤ ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃና ሙቀት እንጂ ንጹሕ አየር አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከመብራቱ ሥር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ ሦስት ዲግሪ ይቀነሳል። ልምድ ያለው አርቢ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን ያያል። መብራቱ ሥር ተደራርበው ከተጨናነቁ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ዳር ዳሩን ከያዙ ሞቋቸዋል። ቤቱ ማዕዘን እንዳይኖረው በካርቶን ክብ አጥር ይሠራለታል፤ ምክንያቱም የደነገጠ መንጋ ወደ ጥግ ተጋፍቶ ይታፈናል። ንጣፉም ቢሆን ነገር አለው። ደቃቅ ሰጋቱራ ከሆነ ጫጩቱ እህል መስሎት ይለቅመዋል፤ የሚያዳልጥ ጋዜጣ ከሆነ ደግሞ እግሩ ወደ ጎንና ጎን ተከፍቶ ይቀራል። መኖው 28 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል። ለዶሮ ጫጩት የሚሰጠው ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ ወጪ ለመቆጠብ የዶሮ መኖ የሚሰጥ ሰው የቀጨጨና እግሩ የደከመ መንጋ ያሳድጋል።

ስለ ተርኪ ቂልነት የሚነገረው ብዙ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አንጋጦ እያየ ውኃ ገብቶበት ይሞታል የሚለው ወሬ በአሜሪካ ገጠር ለረጅም ጊዜ ሲወራ ኖሯል። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ እርባታ ተመራማሪ የነበረው ቶም ሳቬጅ ነገሩን መርምሮ፣ አንዳንድ ተርኪዎች አንገታቸውን ቀስረው እንዲቆዩ የሚያደርግ በዘር የሚወረስ ሕመም እንዳለ አሳይቷል። ዝናብ ጫጩት የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው። ላባ ያላበቀለ፣ ለስላሳ ፀጉር ብቻ የለበሰ ጫጩት ሲርስ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ከጓደኞቹ ሥር ሊገባ ይጋፋል፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ጠዋት ከክምሩ ሥር የታፈኑት ይለቀማሉ። ቂልነቱ፣ ካለ፣ በአራተኛው ሳምንት ፀሐይ አየሁ ብሎ መንጋውን ሜዳ ላይ የሚለቀው ሰው ዘንድ ነው።

ታዲያ መቼ ይውጣ? የድሮ እንግሊዛውያን አርቢዎች የጫጩቱን ራስ እያዩ ይወስኑ ነበር። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱና አንገቱ ላይ ቀይ ሥጋ መውጣት ይጀምራል፤ ይህን ያለፈ ተርኪ ብርቱ ነው ይባላል። የዛሬዎቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ጀርባው በላባ ተሸፍኗል ወይ? ሌሊቱ ያለ መብራት ያድራል ወይ? የሚቀጥሉት ቀናት ደረቅ ናቸው ወይ? ጥንቁቅ የሆኑት መጀመሪያ ከቤቱ ጋር ወደ ተያያዘ ጠባብ አጥር ያወጧቸዋል፤ በቀን ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰፊው ሜዳ የሚሄዱት፤ ያኔም የለመዱት መኖ መስጫና መጠጫ አብሮ ይሄዳል። ሣሩ መኖውን አይተካም። ተርኪ ከዶሮ የበለጠ ሣር ይግጣል፣ አልፋልፋና ማገጥ ይወዳል፣ ፌንጣ ያሳድዳል፤ ሆኖም መኖ ተከልክሎ ሜዳ ላይ ብቻ የተተወ መንጋ ለበዓሉ አይደርስም።

በቨርጂኒያ ሼናንዶዋ ሸለቆ የሚገኘው የጆኤል ሳላቲን ፖሊፌስ እርሻ ከዚህ ሥራ ጋር ስሙ ከሚነሣባቸው አንዱ ነው። ተርኪዎቹ በኤሌክትሪክ መረብ አጥር ውስጥ ይውላሉ፤ ጥላና መስፈሪያ የሚሆናቸው መጠለያ ጎማ አለውና አጥሩ ሲቀየር ተጎትቶ ይከተላል። ዋናው ሥራ ማዛወሩ ነው። አንድ ቦታ የከረመ መንጋ ሣሩን አጥፍቶ በገዛ ኩሱ ላይ ይተኛል፤ ያ ደግሞ ከቤት የከፋ ቤት ነው። መረቡ ኮዮቴና ራኩን የሚባሉትን አዳኝ አራዊት ይመልሳል፤ ጉጉትን ግን አይመልስም። ማታ መጠለያው አናት ላይ ሰፍሮ ማደር የሚያምረው ተርኪ ስለሆነ፣ የሚያመልጠው ሲመሽ ተነሥቶ የሚቆጥር ባለቤት ያለው ነው።

ይህን ዕድሜ ካለፈ በኋላ ተርኪ የሚያስደንቅ መንገደኛ ነው። ዳንኤል ዲፎ በ1720ዎቹ የእንግሊዝን ምሥራቅ ዞሮ ሲጽፍ፣ ከሰፎክና ከኖርፎክ ወደ ለንደን በእግራቸው የሚነዱ የተርኪ መንጋዎችን መዝግቧል። በስቶር ወንዝ ላይ ባለች አንዲት ድልድይ በአንድ ወቅት 300 መንጋ እንዳለፈ ሰምቶ፣ በእያንዳንዱ 500 አድርጎ ሲያሰላ 150,000 አገኘ። በአሜሪካ ምዕራብ ደግሞ ሄንሪ ሁከር የተባለው፣ በኋላ የአሪዞና ታላቅ ከብት አርቢ የሆነው ሰው፣ በ1866 የካሊፎርኒያ ሱቁ ተቃጥሎ ኪሱ ሲራቆት 500 ተርኪ በዶላር ተኩል በዶላር ተኩል ገዛ። በውሾች እየታገዘ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አሻግሮ ወደ ኔቫዳ የብር ማዕድን ከተሞች ነዳቸው፤ እዚያ አንዱን በአምስት ዶላር ሸጠ። መንገድ ላይ ገደል አፋፍ ሲደርሱ መንጋው ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሸለቆው በረረ፤ ሁከር ሁሉም አለቀ ብሎ ሲወርድ ታች ተሰብስበው አገኛቸው ይባላል።

ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚችል ተርኪ በገበያ ላይ ጥቂት ነው። በአሜሪካ በዓመት ከሚረባው 200 ሚሊዮን ገደማ ተርኪ ውስጥ አብዛኛው ደረተ ሰፊ ነጭ የሚባለው ዝርያ ነው። ደረቱ ከመክበዱ የተነሣ አውራው እንስቷን በተፈጥሮ መንገድ ማጥቃት ስለማይችል ዘሩ የሚቀጥለው በሰው እጅ፣ በሰው ሠራሽ ማዳቀል ነው። የድሮዎቹ ዝርያዎች፣ የኬንታኪው ቡርቦን ሬድ፣ የሮድ አይላንዱ ናራጋንሴት፣ ነባሩ ብሮንዝ፣ ይሮጣሉ፣ ይበራሉ፣ ራሳቸው ይራባሉ። እነዚህን ጠፍተው ከማለቅ ያዳኗቸው እንደ ካንሳሱ ፍራንክ ሪስ ያሉ ግትር አርቢዎች ናቸው። ዛሬ ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የሚባለው ድርጅት በ1997 ሲቆጥር በመላ አገሪቱ ለዘር የሚሆኑት ከ1,500 ያንሱ ነበር።

ዝርያው ለምን ተነሣ ቢባል፣ የመለያ ጽሑፉ ሒሳብ እዚህ ላይ ስለሚገለጥ ነው። በአሜሪካ «ፍሪ ሬንጅ» የሚለው ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ የጠየቀው ወደ ውጭ መውጫ መኖሩን ብቻ ነው፤ በሩ ክፍት መሆኑን እንጂ ተርኪው መውጣቱን አይደለም። በነሐሴ 2024 የግብርና ሚኒስቴሩ የምግብ ደኅንነት ክፍል መመሪያውን ሲያሻሽል «በመስክ ያደገ» ለሚለው የተሻለ ትርጉም ሰጠ፤ እንስሳው አብዛኛውን ዕድሜውን ዕፅዋት በሸፈነው መሬት ላይ ያሳለፈ ይሁን አለ። ጥሩ ነው። አሁን እናስላ። ደረተ ሰፊዋ እንስት በ16ኛው ሳምንት ገደማ ትታረዳለች። በስምንተኛው ሳምንት ከወጣች ከዕድሜዋ ግማሹን ቤት፣ ግማሹን መስክ ኖረች ማለት ነው። ግማሽ «አብዛኛው» አይባልም። ነባሩ ዝርያ ግን እስከ 28ኛው ሳምንት ድረስ ይቆያል፤ እሱም በስምንተኛው ሳምንት ቢወጣ ሃያ ሳምንት፣ ከዕድሜው 70 በመቶ በላይ ሣር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ፈተና አለ። በፍጥነት የሚያድገውን ዝርያ ይዞ የመስክ ዋጋ የሚፈልግ አርቢ ጫጩቱን በአምስተኛው ሳምንት ለመግፋት ይነሣሣል። በሞቃት ሐምሌ ይሳካለት ይሆናል። ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ዝናብ ከጣለ ግን ለመለያ ጽሑፉ ሲባል ያለቁት ጫጩቶች ማስታወቂያው ላይ አይታዩም። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ከሥዕሉ ሥር ሁለት ቁጥር ይጻፍ። በስንተኛው ሳምንት ወጣ፣ በስንተኛው ታረደ። በጥንቃቄ ስምንት ሳምንት ያሞቀ አርቢ በዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ ሸማቹም ቀንሶ ደምሮ ይፍረድ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመሬቱ ነው። ሮድ አይላንድ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በተርኪዋ የታወቀች ነበረች። ሆሬስ ቮስ የተባለው የዌስተርሊ አርቢ ከ1873 እስከ 1913 ለፕሬዚዳንቶች ማዕድ ተርኪ ወደ ዋይት ሀውስ ይልክ ነበር። በ1890ዎቹ ግን መንጋው ማለቅ ጀመረ። የታመመው ተርኪ ክንፉን ጥሎ ይቆዝማል፣ ድኝ የመሰለ ቢጫ ኩስ ይጥላል፣ ሲከፈት ጉበቱ ተበሳስቶ ይገኛል። አንዳንዴ ራሱ ስለሚጠቁር በሽታው ብላክሄድ ተባለ። ቴዎባልድ ስሚዝ የተባለው ሳይንቲስት በ1895 መንሥኤው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ መሆኑን ገለጸ፤ በ1920 ደግሞ እሱና ባልደረባው ግሬቢል ተሕዋሱ የሚጓዘው በተራ የአንጀት ትል እንቁላል ውስጥ መሆኑን አሳዩ። የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የምድር ትልም ይሸከመዋል፤ ተርኪው የምድር ትሏን ሲለቅም በሽታውንም ይለቅማል።

ትሉን አዘውትሮ የሚያረባው ደግሞ ዶሮ ነው። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትሆን ተሸክማው ትዞራለች፤ በሽታው ተርኪ መንጋ ውስጥ ሲገባ ግን ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴ ሁሉንም ይጠርጋል። ስለዚህ በሕፃናት መጽሐፍ ላይ የምናየው፣ ዶሮውም ዳክዬውም ተርኪውም አንድ ግቢ የሚጭሩበት የደስታ እርሻ፣ ለተርኪ ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። ከዶሮ ጫጩት ጋር የማሳደጉ ብልሃትም ጣጣው ይህ ነው። ከማስፈልፈያ የመጣ፣ መሬት ያልነካ ጫጩት ትል የለውም፤ ሆኖም ሳይዘገይ መለየት አለበት። ድሮ አርቢዎች መንጋውን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወለል ላይ በማሳደግ ይሸሹት ነበር። በኋላ መድኃኒት መጣ። አርሰኒክ የነበረበት የመጨረሻው፣ ናይታርሶን፣ በ2015 ማብቂያ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለዚህ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የቀረው መከላከያ ዶሮ ያልረገጠው ሣርና ያልተቋረጠ ማዛወር ነው።

የመስክን ወገን የሚከራከር ሰው ሊሸሸው የማይገባ ሌላ ጉዳይ የወፍ ጉንፋን ነው። በየካቲት 2022 የአሁኑ ወረርሽኝ በአሜሪካ የንግድ እርባታ ላይ መጀመሪያ የተገኘው ኢንዲያና ውስጥ፣ ዱቦይስ በተባለ ወረዳ፣ 29,000 ገደማ ተርኪ ባለው አንድ እርባታ ነው። የንግድ ተርኪ በአብዛኛው በቤት የሚያድግ በመሆኑ፣ ግድግዳ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ይህ ወረርሽኝ ደጋግሞ አሳይቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን በብሪታንያ የአርቢዎች ምክር ቤት ኃላፊ ለፓርላማ ሲናገሩ፣ ለገና ከተዘጋጁት 1.2 ሚሊዮን ያህል የመስክ አእዋፍ ግማሽ የሚሆኑት ሞተዋል ወይም ተወግደዋል ብለዋል። በኅዳር 7 ቀን 2022 እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም አእዋፍ ወደ ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ሰማዩ በስደተኛ ዳክዬዎች ሲሞላ ኩሬ ዳር ያለ መስክ ደግነት አይደለም። ያኔ ማስገባት ይገባል፤ ማስገባቱንም ለገዢው መንገር። ወራት ሣር ላይ ኖሮ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጣራ ሥር ያሳለፈ ተርኪ፣ በዚህ ጽሑፍ ሚዛን፣ የመስክ ስሙን አያጣም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ይመስል ይሆናል። በ45 ቀን ዶሮ የሚተዳደር ሰው ግን ነገሩን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል። ኢትዮ ችክንን የመሰሉ ድርጅቶች የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ያከፋፍላሉ፤ ወኪሉ አሙቆ፣ አስከትቦ፣ አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ካሳደገ በኋላ ለአርሶ አደሩ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ዶሮዋ በግቢው ጭራ ትኖራለች። የአደጋው ጊዜ ያለፈው በአሳዳጊው እጅ ነው፤ ገዢውም ይህን አውቆ ስንት ቀን እንደሆናትና ምን እንደተከተበች ይጠይቃል። የዋሽንግተን ሸማች በብዙ ዶላር ተርኪ ሲገዛ የማይጠይቀውን ማለት ነው። በአንጻሩ ተርኪ አገር ቤት ለማርባት የሚያስብ ሰው ካለ ቀድሞ የሚገጥመው እንቅፋት ሙቀትም መኖም ሳይሆን መሬቱ ይሆናል፤ ዶሮ ያልጫረበት ግቢ ከየት ይገኛል?

ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በዓል በራሳቸው መንገድ ያከብሩታል። የኅዳር አራተኛ ሐሙስ አንዳንድ ዓመት ከጾመ ነቢያት በፊት፣ ብዙ ዓመት ደግሞ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል፣ አንድ ማዕድ ላይ ተርኪና ሽሮ ጎን ለጎን መቅረባቸው የተለመደ ነው። የመስክ ተርኪ የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ወደ ቨርጂኒያ እርሻዎች የሚደውለው በኅዳር ሳይሆን በሰኔና በሐምሌ ይሁን። ለበዓሉ የሚደርሱት ነባር ዝርያዎች ያኔ መስክ መውጣት ይጀምራሉ፤ ደረተ ሰፊዎቹ ደግሞ ገና ሊፈለፈሉ ነው ወይም መብራት ሥር ናቸው። ዝርያው ምንድን ነው፣ በስንተኛው ሳምንት ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ባለፉት ዓመታት ዶሮ ነበረ ወይ፣ በየስንት ቀኑ ይዛወራል? አርቢው ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ካለው ቀብድ ማስያዝ ነው፤ ስለ ሣሩ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ቁጥር መደወል ይሻላል።